ከሀሪኬን በኋላ የዓመታት አጋርነት፦ የመጀመሪያው ዶላር የት ይግባ?

ጥያቄ፦ "ቤተ ክርስቲያናችን በአሜሪካ አስተዳደር ሥር ባለችው በፖርቶ ሪኮ ደሴት ማዕከላዊ ተራሮች ከምትገኝ አንዲት ትንሽ አጥቢያ ጋር የሦስት ዓመት አጋርነት ልትጀምር ነው። 120,000 ዶላር ለማዋጣት ቃል ገብተናል። በዓመት ሁለት ጊዜም ከ12 ሰው ያላነሰ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ለመላክ አስበናል። እኛ የጠበቅነው የቆርቆሮና የሲሚንቶ ዝርዝር ነበር። እነሱ ግን አስቀድመው የጠየቁን የአንዲት ኬዝ ወርከር (የተጎጂ ቤተሰቦችን ጉዳይ የምትከታተል ሠራተኛ) ደመወዝ እንድንሸፍን ነው። ኮሚቴያችን ግራ ገብቶታል። ሰው ለቤት ብሎ የሰጠውን ገንዘብ ለደመወዝ ማዋል ተገቢ ነው ወይ? ደግሞስ ከሀሪኬን (ከከባዱ አውሎ ነፋስ) ማሪያ ወዲህ ይህን ያህል ዓመት አልፎ ምን የቀረ ሥራ አለ?"

ምላሽ፦

ደመወዙን ሸፍኑ። አጥቢያዋ የጠየቀቻችሁ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋትን ነው፤ እንዲህ ብላ መጠየቋም ሥራውን ጠንቅቃ እንደምታውቅ ያሳያል። ቆርቆሮ የሚሰጥ አይጠፋም። የሚጠፋው የአንድን ቤተሰብ ጉዳይ ከመጀመሪያው ወረቀት እስከ መጨረሻው ብሎን ድረስ ይዞ የሚዘልቅ ሰው ነው። በደሴቲቱ ላይ ዛሬም ሸራ ለብሰው ካሉ ቤቶች ብዙዎቹ የቀሩት በቁሳቁስ እጥረት ሳይሆን ፋይላቸው መሃል መንገድ ላይ ስለቆመ ነው።

ገንዘቡን ስትሰበስቡ "ለቤት ጥገና" ብላችሁ ከነበረ ግን በራሳችሁ ውሳኔ ወደ ደመወዝ አታዙሩት። ለጋሾቹን ሰብስባችሁ የአጥቢያዋን ጥያቄ እንዳለ አንብቡላቸው፤ ምክንያቱን አስረዱና ፈቃዳቸውን በቃለ ጉባኤ አስፍሩ። የማይስማማ ካለ የእሱ ገንዘብ ለቁሳቁስ ይዋል። ለሁለቱም ቦታ አለው።

"ምን የቀረ ሥራ አለ?" ላላችሁት፣ ታሪኩ አንድ አውሎ ነፋስ ብቻ አይደለም (ቀኖቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ማሪያ ሴፕቴምበር 20 ቀን 2017 በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚነፍስ ነፋስ በያቡኮዋ በኩል ገባች። ከእሷ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላ ኢርማ በሰሜን በኩል አልፋ የኤሌክትሪክ መስመሩን አዳክማው ነበር። መንግሥት በኋላ የተቀበለው የሟቾች ግምት 2,975 ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ የሞቱት ነፋሱ ካለፈ በኋላ በነበሩት ወራት፣ መብራት፣ መድኃኒትና ሐኪም በጠፋበት ጊዜ ነው። ለመጨረሻዎቹ ደንበኞች መብራት እስኪመለስ ወደ 11 ወር ፈጅቷል። ጃንዋሪ 7 ቀን 2020 ደቡብ ምዕራቡን፣ ጓኒካን፣ ጓያኒያንና ያውኮን፣ 6.4 የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥ መታው። ሴፕቴምበር 18 ቀን 2022 ፊዮና መጣች። ነፋሷ ከማሪያ ጋር የሚወዳደር አልነበረም፤ ዝናቧ ግን ድልድይ ወሰደ፣ ተራራ ናደ፣ ደሴቲቱንም እንዳለች ጨለማ ውስጥ ከተተ። ስለዚህ አንድ ቤት ጣሪያውን በ2017፣ ግድግዳውን በ2020፣ ወለሉን በ2022 ሊያጣ ይችላል። መንግሥት ዘንድ ግን እነዚህ ሦስት የተለያዩ አደጋዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱ የምዝገባ ቁጥር፣ የራሱ ማብቂያ ቀን፣ የራሱ ደብዳቤ አለው። አንድ ቤት፣ ሦስት ፋይል።

ከዚያ የባለቤትነት ጉዳይ አለ። ከማሪያ በኋላ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ማመልከቻ ለፌማ (ለአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት) ቀርቦ ነበር። እጅግ ብዙ ሰው የተከለከለው ቤቱ ስላልፈረሰ ሳይሆን ቤቱ የእሱ መሆኑን በሰነድ ማሳየት ስላልቻለ ነው። በተራሮቹ ላይ አባት ከመሬቱ ቆርሶ ለልጁ "እዚህ ሥራ" ይለዋል፤ ልጁ ይሠራል፤ አባት ይሞታል፤ ውርሱ ሳይጣራ ሠላሳና አርባ ዓመት ያልፋል። ማንም ሰው አያጭበረብርም፣ ማንም ጎረቤት አይጠራጠርም፤ ወረቀቱ ብቻ የለም። የደሴቲቱ ነፃ የሕግ አገልግሎት ሰጪዎች ታግለው ሰዎች በቃለ መሐላ ባለቤትነታቸውን የሚገልጹበት ቅጽ እንዲኖር አደረጉ፤ ፌማም በሴፕቴምበር 2021 የሚቀበላቸውን ሰነዶች አሰፋ። አዲሱ አሠራር ለፊዮና አገልግሏል፤ ወደ ማሪያ ግን ወደ ኋላ አልተመለሰም። ለማሪያ ፌማ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው ከፍተኛው መጠን 33,300 ዶላር ስለነበር፣ የተፈቀደላቸውም ቢሆኑ ብዙዎቹ ሙሉ ቤት የሚያሠራ ገንዘብ አላገኙም።

ቀጥሎ የመጣው ትልቁ ገንዘብ፣ በፌዴራሉ የቤቶች ሚኒስቴር በኩል ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋው፣ በደሴቲቱ የቤቶች መሥሪያ ቤት (ቪቪየንዳ) ይተዳደራል። ቤት የሚጠግነው፣ የሚሠራው ወይም ሰውን የሚያዛውረው ፕሮግራም ኤር ትሬስ ይባላል። ብዙ ቤት ሠርቷል፤ ግን ከጥፋቱ ዘግይቶ የደረሰ ነው፣ ሰነድም ይጠይቃል። የአብያተ ክርስቲያናት ሥራ ያለው በዚህ መካከል ነው፦ መንግሥት ያልደረሰላቸው፣ ደርሶ ያልጨረሰላቸው፣ ወይም በወረቀት ምክንያት ከበር የተመለሱ ቤተሰቦች ዘንድ።

አሁን አንዱን ፋይል ከፍተን እንይ። እንበልና የ74 ዓመት እናት ናቸው፤ ባላቸው በ2009 ሞተዋል። ማህደሩ ውስጥ በ2018 ከፌማ የመጣ፣ ባለቤትነት አልተረጋገጠም የሚል ደብዳቤ አለ። የውሃ ክፍያ ደረሰኝ አለ፤ ስሙ ግን የሟቹ ነው። የሞት ምስክር ወረቀት፣ ኦርላንዶ የሚኖሩ የሦስት ልጆች ስልክ ቁጥር፣ የጣሪያው ፎቶ፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ማዘዣ፣ የወር ገቢ ማስረጃ አለ። ቤቱ በስማቸው እንዲሆን መጀመሪያ የወራሾች ውሳኔ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ከግምጃ ቤቱ (አሲየንዳ) የውርስ ክሊራንስ፤ ከዚያ ክሪም ከሚባለው የንብረት ግብር መሥሪያ ቤት የዕዳ ማስረጃ፤ በመጨረሻም ኖታሪ (ሰነድ አረጋጋጭ) ዘንድ የሚፈረም ሰነድ። በፖርቶ ሪኮ ኖታሪ መሆን የሚችለው ጠበቃ ብቻ ስለሆነ ክፍያውም የጠበቃ ክፍያ ነው። ሦስቱ ልጆች ከኦርላንዶ መፈረም አለባቸው፤ አንደኛው ከእናቱ ጋር ተኳርፎ ሊሆን ይችላል። እናቲቱ መኪና የላቸውም፣ ወደ ከተማ የሚያወርድ አውቶቡስም የለም። ኬዝ ወርከሯ የምትሠራው ይህንን ነው፦ ትነዳለች፣ ትሰለፋለች፣ ትደውላለች፣ ታስታርቃለች፣ ቀን ትቆጥራለች። ፌማ አንድን ማመልከቻ ሲከለክል ይግባኝ የሚባለው ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ለሚቀጥለው አደጋ ይህን 60 ቀን የሚቆጥር ሰው ከሌለ የእናንተ ቆርቆሮ መንግሥት ሊከፍለው በሚገባ ቤት ላይ ያልቃል።

አንዲት ኬዝ ወርከር በአንድ ጊዜ በደህና ልትይዝ የምትችለው ከ30 እስከ 35 ቤተሰብ ነው። 80 ስትሰጧት መዝጋቢ ትሆናለች፤ መዝገቡ ይሞላል፣ የሚዘጋ ጉዳይ ግን አይኖርም። ውሉ ከሁለት ዓመት ያነሰ አይሁን። በስድስት ወር ውል የተቀጠረ ሰው በአራተኛው ወር ሌላ ሥራ መፈለግ ይጀምራል፤ ሲሄድ ደግሞ የሚሄደው ወረቀቱ አይደለም፣ እናቲቱ ያመኑት ሰው ነው። በበጀቱ ውስጥ ከደመወዙ ጋር የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ፣ ነዳጅ፣ ስልክ፣ ቁልፍ ያለው የፋይል ካቢኔትና የሚከፈልበት ዕረፍት ይካተት። ዕረፍቱን እንደ ትርፍ አትዩት። እሷም፣ ፓስተሩም ያው ሀሪኬን ቤታቸውን የመታባቸው ሰዎች ናቸው፤ የሌላውን ሐዘን ሲሰሙ ውለው መብራት የሌለው ቤት ይገባሉ። በአደጋ ሥራ ውስጥ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ካገኟቸው ትምህርቶች ሁሉ በጣም የሚያሳዝነው፣ ጥሩ ፓስተሮች በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ደክመው መውደቃቸው ነው። ለፓስተሩ በዓመት ጥቂት ሳምንታት ተተኪ ሰባኪ የምትከፍሉ ከሆነ ከምትሰጡት ስጦታ ሁሉ ርካሹና ጠቃሚው እሱ ይሆናል።

ሁለተኛው መታወቅ ያለበት የገንዘብ ቅደም ተከተል ነው። የአሜሪካ የአደጋ ሕግ አንድን ጉዳት ሁለት ጊዜ መክፈልን ይከለክላል። ተራው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ኢንሹራንስ፣ ከዚያ ፌማ፣ ከዚያ የመንግሥት ብድርና የቤቶች ፕሮግራም፣ በመጨረሻ የበጎ አድራጎት ገንዘብ። ቤተ ክርስቲያን ቸኩላ "ለጣሪያ" ብላ ጥሬ ገንዘብ ለቤተሰቡ ከሰጠች፣ ለዚያው ጣሪያ የተፈቀደው የመንግሥት ገንዘብ ሊቀነስ ወይም ተመለስ ሊባል ይችላል። ስለዚህ ሦስት ነገር አድርጉ። ገንዘቡን ለቤተሰቡ በእጅ አትስጡ፤ ለእንጨት ሻጩ ወይም ለኤሌክትሪሻኑ በቀጥታ ይከፈል። እያንዳንዱ ክፍያ ምን እንደሸፈነና መንግሥት ያንን አለመሸፈኑን የሚገልጽ አንድ ገጽ ደብዳቤ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጥ። ሥራው ሳይጀመርም ቤቱ በፎቶ ይነሣ፣ በተለይ የቆጣሪው ሳጥንና የጣሪያው ውስጠኛ ክፍል። ለጋሾቻችሁ በአሜሪካ ግብር ከፋይ ከሆኑ ደግሞ ገንዘባቸውን "ለእገሊት ቤት" ብለው በስም መመደብ አይችሉም፤ እንዲህ ያለው ስጦታ ከግብር አይቀነስላቸውም። ቤተሰቡን የሚመርጠው ተቋሙ መሆን አለበት።

ማን ይምረጥ? እናንተ አይደላችሁም። በዚህ ላይ ጠንከር ማለት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም አጋርነቶች በብዛት የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ መልሶ ማቋቋም የሚሠሩ ቡድኖች ያልተሟላ ፍላጎት የሚታይበት ጠረጴዛ የሚሉት ስብሰባ አላቸው። በፖርቶ ሪኮ ከማሪያ በኋላ ሜቶዲስቶች፣ ሉተራኖች፣ ፕሬስቢቴሪያኖች፣ ሜኖናይቶች፣ ካቶሊኮችም በእርዳታ ድርጅታቸው በካሪታስ በኩል፣ ሌሎችም ሠርተዋል፤ አንዱ ገንዘብ ሲኖረው ሌላው ሠራተኛ፣ ሌላው መሐንዲስ አለው። ጠረጴዛው ላይ ጉዳዩ የሚቀርበው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው፦ ስንት ሰው፣ ምን ዓይነት አካል ጉዳት፣ ገቢው ስንት፣ ምን ተከፈለ፣ ምን ቀረ፣ መሐንዲሱ ምን አለ። ኬዝ ወርከሯ "ቁጥር 14፣ 18,400 ዶላር ይጎድላል" ስትል አንዱ ቁሳቁሱን፣ ሌላው ጉልበቱን፣ ሦስተኛው ኤሌክትሪሻኑን ይይዛል። ቃሉ እዚያው በቃለ ጉባኤ ይጻፋል። እናንተ ወደዚህ ጠረጴዛ የምትገቡት በአጥቢያዋ በኩል ነው። ብቻችሁን ከሄዳችሁ ሦስት ቤተ ክርስቲያን አንዲትን እናት ሲረዳ ጎረቤቷ ያለ ማንም ይቀራል፤ ሰፈሩም ይህን ለዓመታት ያስታውሳል። አባል ያልሆነ ሰውም እኩል መቅረብ አለበት። በአሜሪካ የአደጋ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ጥምረት የተስማሙበት መርሕ እርዳታን ለመስበኪያ መጠቀምን አይፈቅድም፤ ከዚያም በላይ፣ ጣሪያ የሌላት እናት "አይሆንም" የማለት ነፃነት የላትምና በእንዲህ ያለ ጊዜ የቀረበላት ስብከት ከልቧ ሊሆን አይችልም።

ወደ ጣሪያው እንምጣ፤ ቡድናችሁ እጁን የሚያስገባበት እዚህ ስለሆነ ዘርዘር ልበል።

ሀሪኬን ቤትን የሚያፈርሰው በመግፋት ብቻ አይደለም፣ ጣሪያውን ወደ ላይ ይመዘዋል። ነፋሱ በጣሪያው ላይ ሲያልፍ ይስበዋል፤ መስኮት ከተሰበረ ደግሞ ወደ ውስጥ የገባው አየር ከታች ይገፋዋል። ጉልበቱ የሚበረታው በጠርዞች፣ በማዕዘኖችና በጣሪያው አናት ላይ ነው። ስለዚህ ቆርቆሮው ከማገሩ፣ ማገሩ ከወራጁ፣ ወራጁ ከግድግዳው አናት፣ የግድግዳው አናት ከቋሚው፣ ቋሚው ከመሠረቱ መታሰር አለበት። ከእነዚህ አንዱ ከላላ ሌሎቹ ሁሉ በከንቱ ጠነከሩ ማለት ነው። አሮጌ ቤቶች ላይ የሚላላው ዘወትር ያው ነው፦ ወራጁ በግድግዳው ላይ በአግድም በተመቱ ሁለት ሚስማሮች ብቻ ተይዟል። ነፋሱ ሲመዘው ሚስማሩ እንደ ጥርስ ይነቀላል።

መድኃኒቱ የታጠፈ የብረት ማሰሪያ ነው። ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ስፋቱ 6 ሜትር የሆነ ቤት ወራጆቹ በየ60 ሳንቲ ሜትር ቢሆኑ በአንድ በኩል 18፣ በሁለቱም በኩል 36 ማሰሪያ ይፈልጋል። በማሰሪያው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ሁሉ ሚስማር ይዘው መዘጋት አለባቸው፤ ያውም አምራቹ ባዘዘው ውፍረት። በጎ ፈቃደኞች መሰላል ላይ ሆነው ሲደክሙ አራቱን መትተው አራቱን ባዶ ይተዋሉ፤ ከታች ቆሞ ለሚያይ ልዩነቱ አይታይም። ስለዚህ ቆርቆሮው ከመልበሱ በፊት ፎርማኑ እያንዳንዱን ማሰሪያ በእጁ ነክቶ በቀለም ምልክት ያድርግበት። የተሸፈነ ስህተት የሚገለጠው በሚቀጥለው ሀሪኬን ነው።

የዚህ ቤት ጣሪያ 25 ዲግሪ ቢያዘነብልና 30 ሳንቲ ሜትር ክፈፍ ቢኖረው 77 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ማገሩ በየ60 ሳንቲ ሜትር፣ ባለ ጎማ ብሎኑ በመሃል በየ30፣ በጠርዝና በአናት በየ15 ሳንቲ ሜትር ቢሄድ ወደ 640 ብሎን ይገባል፤ 700 ግዙ። ይህ ለግምት ነው፤ የመሐንዲሱ ሥዕል የበለጠ ካለ ሥዕሉ ይከበር። ሚስማር በብሎን ቦታ አይገባም፣ ቆርቆሮው በሙቀት ሲለጠጥና ሲሰበሰብ ቀስ በቀስ ይወጣልና። ብሎኑ ሲጠብቅ ከሥሩ ያለው ጎማ በትንሹ ብቻ ወጣ ብሎ መታየት አለበት። ተጨፍልቆ ከወጣ በፀሐይ ይሰነጠቃል፣ በሁለተኛው ዓመት ያፈሳል፤ ጨርሶ ካልተጫነ ደግሞ ከመጀመሪያው ዝናብ ያፈሳል። መሰርሰሪያው ላይ የጥንካሬ መቆጣጠሪያውን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ።

ምስጥ በደሴቲቱ ላይ ከባድ ስለሆነ በመድኃኒት የተነከረ እንጨት ግዴታ ነው። መድኃኒቱ ግን መዳብ አለበትና ተራውን ዚንክ ቅብ ብረት ይበላዋል። ማሰሪያውና ሚስማሩ ሁለቱም በወፍራሙ ዚንክ የተነከሩ ይሁኑ፤ ባሕር አጠገብ ደግሞ ሁለቱም ስቴንለስ ይሁኑ። ስቴንለስ ማሰሪያን በዚንክ ሚስማር መምታት በጨዋማው አየር ሚስማሩን ቶሎ ይጨርሰዋል። የበረንዳውን ጣሪያ ከዋናው ጣሪያ ለይታችሁ ሥሩ፤ በረንዳ ሲገነጠል ቤቱን ይዞ እንዳይሄድ።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከማሪያ በኋላ ሁሉም ሰው የኮንክሪት ጣሪያ ይፈልጋል፤ የቆሙት ቤቶች ባለ ኮንክሪት ስለነበሩ ምኞቱ ይገባል። ነገር ግን በቀጫጭን ምሰሶዎች ላይ የቆመ ወይም ግድግዳው ብረት የሌለው ቤት ላይ ያን ሁሉ ክብደት መጫን ቤቱን ለመሬት መንቀጥቀጥ ማመቻቸት ነው። በ2020 በደቡብ ምዕራብ በምሰሶ ላይ የተሠሩ ቤቶች ታችኛው ክፍላቸው ተጨፍልቆ ወርደዋል። መሐንዲስ ሳያየው ኮንክሪት አይሙላ፣ ቤተሰቡ ቢለምንም። ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ደሴቲቱ የተሻሻለ የሕንፃ ኮድ አላት። የትኛው ጥገና ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ከፈቃድ መሥሪያ ቤቱ (ኦጌፔ) አስቀድሞ ይጠየቅ። ኤሌክትሪክ የሚነካው ፈቃድ ያለው የደሴቲቱ ኤሌክትሪሻን ብቻ ነው፤ እናንተ ዘንድ የታወቀ ባለሙያ ቢኖር እንኳ በዚያ ፈቃዱ አይሠራም። ተቋራጭም ከቀጠራችሁ በደሴቲቱ የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት (ዳኮ) የተመዘገበ መሆኑን አረጋግጡ።

ስለ ቡድኖቹ፦ ሒሳቡን ቁጭ ብላችሁ አስሉት። 12 ሰው እያንዳንዱ 1,000 ዶላር ቢፈጅ አንድ ጉዞ 12,000 ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለሦስት ዓመት 72,000 ዶላር ይሆናል፤ ቃል ከገባችሁት ከግማሽ በላይ ማለት ነው። የአንድ ሳምንት ጉዞ የሚሰጠው እውነተኛ የሥራ ጊዜ ደግሞ አራት ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ ቡድኑን በዓመት አንድ ጊዜ አድርጉት፣ ወጪውን ተጓዦቹ ራሳቸው ይቻሉ፣ የተረፈው ለደሴቲቱ አናጺዎች ደመወዝ ይሁን። ቡድን መላክን ከናካቴው አትተዉት፤ ሰው አይቶ ሲመለስ አጋርነቱ በሦስተኛው ዓመት አይቀዘቅዝም፣ ለሚጎበኘውም ቤተሰብ አለመረሳቱ ትልቅ ነገር ነው። ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ባለው ጊዜ ሂዱ። የሀሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ጣሪያ የሚከፈተው በዚያው ቀን ሊሸፈን ከሆነ ብቻ ነው። ለስድስት ጀማሪ አንድ የሠለጠነ አናጺ ያስፈልጋል። የጉዞና የአደጋ ኢንሹራንስ፣ ከልጆች ጋር ለሚሠሩ የጀርባ ታሪክ ማጣሪያ፣ ፎቶ ያለ ፈቃድ ያለማንሣት ደንብ ከመሄዳችሁ በፊት ይፈረም።

የማደሪያው ውሃም ይታሰብ። 12 ሰው በቀን 100 ሊትር ቢጠቀም 1,200 ሊትር ነው። በደሴቲቱ ቤቶች ላይ የሚታየው የተለመደው 600 ጋሎን ታንከር 2,270 ሊትር ይይዛል፤ ሁለት ቀን አያደርስም። በተራሮቹ ላይ ከ200 በላይ ማኅበረሰቦች ከዋናው የውሃ ድርጅት ውጭ በራሳቸው ፓምፕ የሚጠቀሙ ናቸው፤ መብራት ሲጠፋ ውሃውም ይጠፋል። እንግዳ መጥቶ የሰፈሩን ውሃ ጨርሶ እንዳይሄድ የራሳችሁን ታንከር ለማስሞላት በጀት ያዙ።

የበጎ ፈቃደኞቹን ሰዓት በየቀኑ መዝግቡ፦ ስም፣ ቀን፣ ቦታ፣ የሥራው ዓይነት፣ የገባበትና የወጣበት ሰዓት፣ የፎርማኑ ፊርማ። በአደጋው የመጀመሪያ ወራት እንዲህ የተመዘገበ ሰዓት ማዘጋጃ ቤቱ ለፌማ ከሚያዋጣው ድርሻ ሊታሰብለት ይችላል። ባልተመዘገበ ሰዓት ማንም አይጠቀምም።

ያገለገለ ልብስና ዕቃ በኮንቴይነር አትላኩ። በአሜሪካ ወደቦች መካከል የሚሄድ ጭነት በአሜሪካ በተሠራና በአሜሪካ ባንዲራ በሚጓዝ መርከብ እንዲሆን ሕጉ ስለሚያስገድድ ማጓጓዣው ውድ ነው፤ ደርሶም የሚለይበት፣ የሚከማችበትና የሚጣልበት ወጪ አጥቢያዋ ላይ ይወድቃል። ቆርቆሮና እንጨት እዚያው ግዙ፤ በዋጋው ላይ 11.5 በመቶ የሽያጭ ግብር እንዳለ በበጀቱ አስቡ።

አጥቢያዋ ምናልባት በአዳራሿ ላይ ስለሚተከል ሶላር (የፀሐይ ኃይል) ታነሣላችሁ ይሆናል። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን ከዚህ 120,000 ውስጥ ሳይሆን ራሱን በቻለ መዋጮ ይሠራ፤ መጠኑም በሕሙማን ልክ ይሰላ። በደቂቃ 5 ሊትር የሚሰጥ አንድ የኦክስጅን መሣሪያ 350 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ24 ሰዓት 8.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ኢንሱሊን የሚቀመጥበት ፍሪጅ 1.2፣ የ30 ሰው ስልክ 0.45፣ አሥር አምፖል ለአምስት ሰዓት 0.5። ድምሩ 10.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ብክነቱን ጨምረን 12 እንበል። ባትሪው 15 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ፓኔሉ 4 ኪሎ ዋት ቢሆን በጠራ ቀን ይበቃል፤ ከሀሪኬን ማግስት ባለው ደመናማ ቀን ግን ግማሹን ላይሞላ ይችላል። ልብ በሉ፣ ከድምሩ አራት አምስተኛው የአንድ ሕመምተኛ ኦክስጅን ነው። በሰፈሩ ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች ካሉ ሥርዓቱ እጥፍ ገደማ መሆን አለበት፤ ይህን የሚያውቀው ያቺው ኬዝ ወርከር ናት። የአዳራሹ ኤሲ በዚህ መስመር ላይ አይግባ። የመንገዱ የኤሌክትሪክ መስመር ሲቋረጥ ከሕንፃው ወደ ውጭ ኃይል እንዳይወጣ የሚለይ ማብሪያ ይኑር፣ ምሰሶ ላይ ያለውን ሠራተኛ ይገድላልና። ፓኔሎቹ መሐንዲስ ባየው ማሰሪያ ከጣሪያው ኮንክሪት ጋር ይታሠሩ። ሥርዓቱ ሲቆም እንዴት እንደሚነሣ በስፓኒሽ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ፤ ሦስት ሰው ይሠልጥንበት።

ለ120,000ው የምመክረው ክፍፍል ይህ ነው፦ ለኬዝ ወርከር 54,000፣ ለቁሳቁስና ለአገሬው አናጺዎች 36,000፣ ለመሐንዲስ፣ ለኤሌክትሪሻንና ለውርስ ጠበቃ 18,000፣ ለሚቀጥለው አውሎ ነፋስ ተቀማጭ 12,000። ለኬዝ ወርከሯ የተመደበው በዓመት 18,000 ማለት ነው፤ ይህ የአንዲትን ሠራተኛ ሙሉ ወጪ ላይሸፍን ስለሚችል ከሌላ አንድ ወይም ሁለት አጋር ጋር በጋራ ፈርሙ። ተቀማጩን አትንኩ፤ ሀሪኬን በመጣ በ48 ሰዓት ውስጥ አጥቢያዋ ማንንም ሳታስፈቅድ ሸራ፣ ነዳጅና የመጠጥ ውሃ የምትገዛበት ነው። በመግባቢያ ሰነዱ ላይ ገንዘቡ በሩብ ዓመት እንደሚላክ፣ ሪፖርቱ ከሁለት ገጽ እንደማይበልጥ፣ በስፓኒሽ ሊጻፍ እንደሚችልና ትርጉሙ የእናንተ ኃላፊነት እንደሆነ ይግባ። የሃያ ገጽ ሪፖርት የሚጠይቅ ለጋሽ ኬዝ ወርከሯን በወር አንድ ሳምንት ከቤተሰቦቹ ይነጥቃታል። ሦስተኛው ዓመት ሲያልቅ ምን እንደሚሆንም ዛሬውኑ ይጻፍ፤ በመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት አዲስ ፋይል አይከፈትም፣ የተከፈቱት ይዘጋሉ ወይም በስም ለማን እንደሚተላለፉ ይወሰናል።

ለመጀመሪያው ጉዞ ቡድን አትላኩ። ሁለት ሰው ይሂድ፣ አንዱ ስፓኒሽ የሚችል፤ አምስት ቀን ይቀመጡ። ምንም ቃል አይግቡ፣ መዶሻም አይያዙ። አንድ ቀን ከኬዝ ወርከሯ ጋር በመኪናዋ ይዋሉ፣ አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ በዝምታ ይቀመጡ፣ አንድ ምሽት ፓስተሩንና ባለቤታቸውን እራት ይጋብዙና ስለ ራሳቸው ቤት ይጠይቋቸው። ሲመለሱ ለኮሚቴው ይዘው የሚመጡት ሦስት ቁጥር ይሁን፦ የተከፈቱ ፋይሎች ስንት ናቸው፣ ከእነሱ በባለቤትነት ወረቀት የቆሙት ስንት ናቸው፣ በመሐንዲስ ታይተው ቁሳቁስ ብቻ የሚጠብቁት ስንት ናቸው። ሦስተኛው ቁጥር የመጀመሪያውን ቡድን መጠንና የምትገዙትን ቆርቆሮ ይነግራችኋል። ሁለተኛው ጠበቃው መቼ መቀጠር እንዳለበት ይነግራችኋል።